የታጠበ ቀለህ፦ ናስ፣ ባሩድና የጥይት ነፃነት በኢትዮጵያ ታሪክ

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለሕዝብ በቃል የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ በአንደኛ ዕይታ ለታሪክ ጉባኤ የሚያንስ ሊመስል ይችላል። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ውሎችና ስለ ታላላቅ ጦርነቶች መስማት የለመደ ጆሮ፣ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ እንዴት ታጥቦ፣ ደርቆና ተሞልቶ ወደ ዝናር ይመለስ እንደ ነበር ለመስማት መቀመጡ ሊያስገርመው ይችላል። ይሁንና ታላላቆቹ ጦርነቶች የተካሄዱት በዚህ ትንሽ ነገር ነው። ዝናሩ የጎደለበት ነፍጠኛ፣ ጠመንጃው ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ በእጁ የያዘው ዱላ ነው።

በአዲስ ከተማ፣ ከመርካቶ አጠገብ ያለው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስሙን ያገኘው ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፊታውራሪ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉም ድረስ በዚያው ሥልጣን ቆዩ። ሕዝቡ «አባ መላ» ይላቸው ነበር። ከድልድዩ ብዙም ሳይርቅ፣ በመርካቶ ውስጥ፣ ምናለሽ ተራ አለ። በዚያ አሮጌ በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ የወደቀ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ይወጣዋል። በአንድ አካባቢ የአገሪቱን ጦር መሣሪያ ያስተዳድሩ የነበሩ ሰው ስምና ብረት ሁለተኛ ሕይወት የሚያገኝበት ገበያ ተጎራብተው ይገኛሉ። የዛሬው ገለጻዬ ሁለቱ በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ያተኩራል።

ላስረዳ የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው። የተተኮሰን ቀለህ አጥቦ መልሶ መሙላት መቻል፣ ኢትዮጵያ በጦር መሣሪያ ረገድ ምን ያህል በራሷ እጅ እንደ ነበረች የሚለካ ትንሽ ግን ታማኝ መስፈሪያ ነው። ይህ ችሎታ በአንድ ዘመን ነበረ። በሌላ ዘመን ከባለ ሙያዎቻችን እጅ ወጣ። የወጣበትም ምክንያት የባለ ሙያ ስንፍና አልነበረም፤ የባሩዱ ጠባይ ስለ ተለወጠ ነው።

ቀለህ ምንድን ነው?

ጥይት የአራት ነገሮች ጥምረት ነው፤ እነዚህም አረሩ፣ ባሩዱ፣ ባሩዱን የሚለኩሰው ካፕሱልና ሦስቱን አቅፎ የሚይዘው ቀለህ ናቸው። ቀለህን ቀልሃ የሚሉትም አሉ። ጠመንጃው ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነድዳል፣ ካፕሱሉ ይፈነዳል። የሚተርፈው ቀለሁ ብቻ ነው።

ከአራቱ መካከል በእጅ ለመሥራት እጅግ አስቸጋሪ የሆነውም እሱ ነው። እርሳስ አቅልጦ በቅርጽ አረር ማውጣት ልምድ ያለው አንጥረኛ የሚችለው ሥራ ነው። ባሩድም ከባሩድ ጨው፣ ከድኝና ከከሰል እየተዘጋጀ በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲሠራ ኖሯል። ቀለህ ግን 70 እጅ መዳብና 30 እጅ ዚንክ ካለው ናስ ይሠራል። ዝርግ ናስ በማተሚያ መኪና ደጋግሞ እየተሳበ፣ በየመካከሉ በእሳት እየለዘበ፣ ግድግዳው በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ እስኪስተካከል ድረስ መዘጋጀት አለበት። ይህን የሚያደርገው ፋብሪካ ብቻ ነው።

ናስ የተመረጠበት ምክንያት ጠባዩ ነው። ባሩዱ ሲነድድ ቀለሁ ተነፍቶ ከጠመንጃው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ በዚህም እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ ይዘጋል። ግፊቱ ሲያልፍ ደግሞ በጥቂቱ ተመልሶ ይጠብባል፤ ስለዚህ ተስቦ ይወጣል። ተነፍቶ የሚመለስ ዕቃ ደግሞ እንደገና ሊያገለግል ይችላል። በእርግጥ ለዘለዓለም አይደለም። በየተኩሱ ናሱ እየጠነከረ ይሄድና በመጨረሻ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። ሆኖም በጥንቃቄ ከተያዘ አንድ ቀለህ ለብዙ ጥይት እናት ይሆናል።

ከስናድር ወደ ውጅግራ

ሁሉም ቀለህ ግን ለዚህ የተፈጠረ አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የያዘው ስናድር ጠመንጃ የሚተኩሰው ጥይት፣ ቀለሁ ከስስ የናስ ቅጠል ተጠቅልሎ የተሠራ፣ መቀመጫውም ብረት የሆነ ነበር። ይህ ዓይነቱ ቀለህ ከአንድ ተኩስ በኋላ ይጣመማል፤ ጥቅልሉም ይላላል። የማርቲኒ ሄንሪ የመጀመሪያ ጥይትም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ታጥቦ ቢጠራ እንኳን እምብዛም አያስተማምንም።

የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ የተለየ ነበር። የእኛ ሰው ስሙን በአፉ አላምዶ «ውጅግራ» ብሎታል። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው ይህ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ ወደ 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረር በ5 ግራም ከሩብ ያህል ጥቁር ባሩድ ይወረውራል። ቀለሁ ከአንድ ወጥ ናስ የተሳበ፣ ወፍራምና ጠንካራ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ለበል ጠመንጃ ስትሸጋገር የተረፋት እጅግ ብዙ ውጅግራ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ገበያ ፈሰሰ። ኢትዮጵያ የተጠቀመችበት ዕድል ይህ ነበር። ለአውሮፓ ያረጀው መሣሪያ፣ ለእኛ አገር ባለ ሙያ ሊጠገንና ሊሞላ የሚችል መሣሪያ ነበርና።

የመሣሪያው ክምችት በብዙ መንገድ የተሰበሰበ ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ድል ሲያደርጉ ብዙ ረሚንግተን ጠመንጃ ተማረከ። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ፣ በዚያን ጊዜ ነጋዴ ሆኖ፣ ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣው ጭነት 2,040 ባለ ካፕሱል ጠመንጃና 60,000 የረሚንግተን ጥይት ነበር። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ጣልያን ራሷ መሣሪያ አቀረበች። ምኒልክ ሁለት ሚሊዮን ያህል ጥይት ከተረከቡ በኋላ በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንዳፈረሱት ይታወቃል።

ከዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ። «የዓድዋ ድል የተገኘው በተገዛ፣ በተማረከና በዲፕሎማሲ ጥበብ በተገኘ ጥይት ከሆነ፣ የታጠበ ቀለህ ምን ድርሻ አለው?» የሚል ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዋለውን ውሎ ቀለህ ማጠብ አላሸነፈውም። የእኔ ክርክር ከዚህ የጠበበ ነው። ጦርነት የአንድ ቀን ነገር ነው፤ መሣሪያ ይዞ መኖር ግን የዓመታት ነገር ነው። ከዘመቻ እስከ ዘመቻ ድረስ ባለው ጊዜ፣ በአደን፣ በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በፉከራና በልምምድ የሚተኮሰው ጥይት ከየት ይተካ ነበር? ከጠረፍ ርቆ የሚኖር ባላገር ጅቡቲ ድረስ የሚልክ ገንዘብ የለውም። ለእሱ የመጪው ዓመት ጥይት ዛሬ ከሣር ውስጥ ፈልጎ ያነሣው ቀለህ ነው።

እጥበቱ

ወደ ሥራው እንግባ። ጥቁር ባሩድ ንጹሕ አይነድድም። እ.ኤ.አ. በ1875 ኖብልና ኤብል የተባሉት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ከተቃጠለው ባሩድ ክብደት ከግማሽ በላይ የሆነው ወደ ጋዝ አይለወጥም፤ ጠጣር ተረፈ ቃጠሎ ሆኖ ይቀራል። ተረፉም በአብዛኛው ፖታሺየም ካርቦኔት፣ ፖታሺየም ሰልፌትና ፖታሺየም ሰልፋይድ ነው። እነዚህ ጨዎች ከአየር ርጥበት ይስባሉ። ከተኩስ በኋላ የተጣለ ቀለህ በክረምት ሌሊት ቢያድር፣ በማግስቱ ውስጡ እንደ ጭቃ ይረጥባል፤ ቀን ሲጨምር ጥቁር ይሆናል፤ በኋላም አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ፍጥነት ነው። ቀለህ ከተኩሱ በኋላ ቶሎ መታጠብ አለበት።

የመጀመሪያው ማጽጃ ውኃ ነው፤ በተለይም ሙቅ ውኃ። የባሩዱ ጨዎች ሁሉ በውኃ ይሟሟሉ። ቀለሆቹ ሲነከሩ የሚወጣው የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ የሰልፋይዱ ነው፤ ሽታው እስኪጠፋ ውኃውን መለዋወጥ ያስፈልጋል። ከዚያ ቅባቱ ይመጣል። የውጅግራ ጥይት በአረሩና በባሩዱ መካከል የሰምና የሞራ ንጣፍ ነበረው። እሱ ሲቀልጥ ከጥላሸቱ ጋር ተቀላቅሎ የቀለሁን ውስጥ ይለጥፋል። ይህን ውኃ ብቻውን አያነሣውም። የአመድ ውኃ ግን ስብን ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። ሸማ ሲታጠብበት የኖረው እንዶድም አረፋ ፈጥሮ ቅባትን ያላቅቃል። ሁለቱም በየቤቱ የሚገኙ ነበሩ።

ሦስተኛው የናሱ ዝገት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ አሲድ ነው፤ በእኛ አገር ሎሚ። በሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ የመዳብን ዝገት አሟሙቶ ብረቱን ያወጣዋል። እዚህ ላይ ግን ጥበብ ያስፈልጋል። ናስ በአሲድ ውስጥ ከልክ በላይ ከቆየ ዚንኩ ከላዩ እየወጣ ያልቃል፤ ላዩ ወደ ሮዝነት ያደላ የመዳብ መልክ ይይዛል። ይህ መልክ ጽዳት አይደለም፤ የድካም ምልክት ነው። እንደዚሁም በሻካራ አሸዋ የተፈተገ ቀለህ ያበራል፤ ግን ግድግዳው ይሳሳል። የሚያበራ ሁሉ ጤነኛ አይደለም።

መጨረሻው ማድረቅ ነው። በቀለሁ ውስጥ የቀረች የውኃ ጠብታ አዲሱን ባሩድ ታከሽፈዋለች። ፀሐይ ላይ አስጥቶ በትዕግሥት መጠበቅ የሥራው አካል ነው፤ የቸኮለ ሰው የሚሞላው ጥይት በጠላት ፊት ይከሽፍበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ናስን የሚጎዳ ከባሩድም የከፋ ጠላት አለ፤ እሱም አሞኒያ ነው። በህንድ የነበረው የብሪታንያ ጦር ጥይቱን በፈረስ ጋጣ አጠገብ ሲያስቀምጥ፣ በዝናቡ ወራት ያልተተኮሱ ቀለሆች በራሳቸው ጊዜ እየተሰነጠቁ አስቸገሩት። ክስተቱን «የወቅት ስንጥቅ» ብለው ጠሩት። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጣ ጥናት ምክንያቱን አስረዳ፤ ከከብት ሽንት የሚወጣው አሞኒያ፣ ሲሠራ ጀምሮ በውስጡ ውጥረት የቀረበትን ናስ ይሰነጥቀዋል። ከብትና በቅሎ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት የደጋ ቤት፣ ዝናር ከጋጣ በላይ መሰቀሉ ምን ያስከትል እንደ ነበር ማሰብ አያዳግትም። በሽንት ዕቃ ማጽዳት የቆየ የብዙ አገር ልማድ ነው፤ ለቀለህ ግን መርዝ ነው።

የባለ ሙያው ክብር

ይህን ሁሉ የሚሠራው እጅ የማን ነበር? መልሱ የማያስደስት ገጽታ አለው። በደጋው ኅብረተሰብ ዘንድ ቀጥቃጭ፣ አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ ፋቂና ሸክላ ሠሪ በሙያው ይሰደብ ነበር። ብረት የሚነካው ሰው «ቡዳ» እየተባለ ይሸሽ ነበር። ጠመንጃውን የሚያድነው፣ አረሩን የሚያፈስሰው እሱ ሆኖ ሳለ፣ በማዕድ የሚቀርበው ተኳሹ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያዎች በሥራቸው እንዳይሰደቡ አዋጅ ማስነገራቸው ይታወሳል። ዓመቱን ልብ በሉልኝ፤ የጦር ሚኒስትር የተሾመበት ዓመት ነው። መንግሥት ለሠራዊቱ አዲስ መሥሪያ ቤት በሰጠበት ዓመት፣ ሠራዊቱን የሚያስታጥቀው እጅ ከስድብ እንዲድን በአዋጅ መጠበቅ አስፈልጎት ነበር። አዋጅ ግን ልማድን በአንድ ቀን አይሽርም። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ በዝምታ እየተላለፈ ቀረ፤ ትምህርት ቤትም ፋብሪካም ወደ መሆን አላደገም።

ጥይት እንደ ገንዘብ

የቀለህን ዋጋ የምንረዳበት ሌላው በር ገበያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ፣ በተለይ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገበያዎች፣ የውጅግራ ጥይት ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ መገበያያ ያገለግል ነበር። የማርያ ቴሬዛ ብር ለትናንሽ ግብይት ትልቅ ገንዘብ ነው፤ አሞሌ ደግሞ በዝናብ ይሟሟል፤ በጉዞም ይሸረፋል። ጥይት ግን መጠኑ እኩል፣ ለመቁጠር ቀላል፣ ለመያዝም ምቹ ነው። ከሁሉም በላይ በራሱ ዋጋ ያለው ነው።

ይህ ገንዘብ ከሌሎች ገንዘቦች የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ሲተኮስ ይጠፋል። ታጥቦ የተሞላ ቀለህ ከዚህ ሥርዐት ጋር የተያያዘው በዚህ ነው። ቀለህ መሙላት ማለት ጥይት መሥራት ብቻ አልነበረም፤ ጥይት ገንዘብ በሆነበት ገበያ ገንዘብ መሥራትም ነበር። ማንኛውም የገንዘብ ታሪክ ተማሪ የሚቀጥለውን ጥያቄ ያውቀዋል፤ የተቀበልሁት ጥይት የፋብሪካ ነው ወይስ የተሞላ? ባሩዱ ደረቅ ነው ወይስ የረጠበ? ጥይትን በእጁ መዝኖ፣ በጆሮው አጠገብ አንቀጥቅጦ፣ ካፕሱሉን በጥፍሩ ዳስሶ የሚቀበል ሻጭ፣ ብርን በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ከሚያዳምጥ ነጋዴ አይለይም። በሁለቱም ዘንድ ጽዳት የእምነት ምልክት ነው።

የባሩዱ ለውጥ

አሁን ወደ መጠምዘዣው ደርሰናል። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪየይ ጢስ አልባ ባሩድ ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ለበል ጠመንጃ የመጀመሪያው የዚህ ባሩድ የጦር ጠመንጃ ሆነ። ሌሎቹ መንግሥታት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከተሉ። አዲሱ ባሩድ ከከሰልና ከድኝ አይወቀጥም፤ ጥጥን በናይትሪክ አሲድ ከማከም የሚወጣ፣ ላቦራቶሪና ከባድ ኢንዱስትሪ የሚጠይቅ ነው። በሙቀጫ የሚሠራ ባሩድ ሊተካው አይችልም። በጠባቡ የ8 ወይም የ6.5 ሚሊ ሜትር ቀለህ ውስጥ ጥቁር ባሩድ ቢጨመር፣ አረሩ ደካማ ሆኖ ይወጣል፤ አፈሙዙም ወዲያው በጥላሸት ይታፈናል።

ከዚህ የበለጠ ረቂቅ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ካፕሱሎች ፉልሚኔት የተባለ የሜርኩሪ ውሕድ ይዘው ነበር፤ አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት ብረት ማለት ነው። ሜርኩሪ ከናስ ጋር ከተገናኘ ናሱን ሰባራ ያደርገዋል። በጥቁሩ ባሩድ ዘመን ይህ ችግር ብዙም አልታየም። የባሩዱ ተረፈ ቃጠሎ እጅግ ብዙ ስለ ነበር፣ ሜርኩሪውን በውስጡ ይዞ ከናሱ ያርቀው ነበር፤ ቀለሁ ሲታጠብም አብሮ ይወጣ ነበር። ጢስ አልባው ባሩድ ግን ይህን ያህል ተረፍ አይተውም፤ ሜርኩሪው በቀጥታ ወደ ናሱ ይገባል። ቀለሁ ላዩ የጠራ ይመስላል፤ ሲሞላና ሲተኮስ ግን ይሰነጠቃል። በሌላ አነጋገር፣ ቀለሁን ለዳግም አገልግሎት ያቆየው ቆሻሻው ራሱ ነበር። ንጹሑ ባሩድ የማይታጠብ ጉዳት ይዞ መጣ። የታላላቅ መንግሥታት የጦር ፋብሪካዎች ችግሩን አውቀው የካፕሱሉን ቅመም ለወጡ። በእጁ የሚሞላ የእኛ አገር ባለ ሙያ ግን የማይታይ ጠላት ገጠመው።

በዚሁ ዘመን የውጭው በርም መጥበብ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 13 ቀን 1906 (ታኅሣሥ 4 ቀን 1899 ዓ.ም.) እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን በለንደን ኢትዮጵያን የሚመለከተውን የሦስትዮሽ ውል ሲፈራረሙ፣ በዚያው ቀን ወደ ኢትዮጵያ የሚገባውን መሣሪያና ጥይት ለመቆጣጠር ሌላ ስምምነት ተፈራረሙ። እ.ኤ.አ. በ1919 የተፈረመው የቅዱስ ዠርመን የጦር መሣሪያ ስምምነት ኢትዮጵያን ከተከለከሉት የአፍሪካ ክልሎች ጋር አስቀመጣት። በ1916 ዓ.ም. መግቢያ ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ይህን ስምምነት እንድታከብር ቃል አስገቧት። ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው ውል የተሻለ መብት ቢሰጣትም፣ መሣሪያው የሚያልፍባቸው ወደቦች ሁሉ በሌሎች እጅ ነበሩ።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር የሆኑበት ዘመን፣ ከ1900 እስከ 1919 ዓ.ም.፣ እነዚህ ሁለት በሮች በአንድነት የተዘጉበት ዘመን ነው። የውጭው በር በውል ተዘጋ፤ የውስጡ በር በኬሚስትሪ ተዘጋ። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል። ስለ ሁለተኛው መነጋገር ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

ከማይጨው እስከ ዱር

ውጤቱ በ1927 እና በ1928 ዓ.ም. ታየ። በ1927 ዓ.ም. ክረምት እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ አገዱ። እገዳው እኩል ይመስላል፤ ነገር ግን ጣልያን የራሷ ፋብሪካ አላት፤ ኢትዮጵያ የላትም። በኢትዮጵያ ላይ የተጣለው እገዳ የተነሣው ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ፣ በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የተሰለፈው ሠራዊት የያዘው የጠመንጃ ዓይነት ብዙ ነበር፤ የክብር ዘበኛው በቤልጅግ መኮንኖች የሠለጠነና ዘመናዊ ማውዘር የያዘ ሲሆን፣ ከባላገሩ ጦር ብዙው ያን የአባቱን ውጅግራ ተሸክሞ ነበር። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ከጎኑ የወደቀ ወንድሙን ዝናር ፈቶ የወሰደ ሰው፣ ያገኘው ጥይት በራሱ ጠመንጃ የማይገባ ሊሆን ይችል ነበር።

በአምስቱ የአርበኝነት ዓመታት ይህ ልዩነት አስገራሚ መልክ ያዘ። ዘመናዊ ጠመንጃ የያዘ አርበኛ ጥይት የሚያገኘው በዋናነት ከጠላት በመማረክ ነው። ሕይወቱ በጠላት ዴፖ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ውጅግራ የያዘው አርበኛ መሣሪያው ያረጀ፣ ጢሱም ከሩቅ የሚያሳብቅበት ነበር። ነገር ግን ቀለሁን እስካልጣለ ድረስ እርሳስ፣ ባሩድና ብልሃት ያለው ባለ ሙያ ከጎኑ ካለ ተስፋ ነበረው። ካፕሱሉ ዋናው እንቅፋት ሆኖ ኖሯል፤ እሱም ቢሆን ከፋብሪካ ይመጣልና። ስለዚህ ነፃነቱ ሙሉ አልነበረም፤ ቢሆንም የተወሰነ ነፃነት ነበር። ያረጀው መሣሪያ በአንድ ጎኑ ከዘመናዊው ይልቅ የአገር መሣሪያ ነበር ማለት እንችላለን።

ከድል በኋላ መንግሥት የጥይት ፋብሪካን ጉዳይ የመንግሥትነት ጉዳይ ማድረጉ የዚህ ትምህርት ውጤት ይመስለኛል። ዛሬ በአምቦ አካባቢ የሚገኘው የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ የዚያ ረጅም ጥያቄ አንዱ መልስ ነው። ጥይት መሥራትና መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሕግ የሚተዳደር ሆኗል፤ የጓሮ ሙያ የሚሆንበት ዘመን አልፏል፤ ማለፉም መልካም ነው።

ቀለሁ ዛሬ

ቀለህ ራሱ ግን ሁለተኛ ሕይወቱን አላቆመም። በኦሞ ሸለቆ ሕዝቦች ዘንድ ጌጥ ሆኖ ይታያል። በእንጦጦ ሴቶች ከሰሜን የጦር ሜዳዎች የተለቀመ ቀለህ ቀልጦ ዶቃ እንዲሆን አድርገው ኑሯቸውን ሲደጉሙበት ቆይተዋል። የሞት ዕቃ የአንገት ጌጥ ሲሆን ማየት ልብን ይነካል፤ በዚህ ላይ ክፉ ቃል የለኝም።

ክርክሬ ሌላ ቦታ ላይ ነው። በየገበያው «የዓድዋ ዘመን» እየተባለ የሚሸጥ ቀለህ አለ። ሻጩ እንዲያምርለት በሎሚና በአሸዋ፣ አንዳንዴም በሞተር በሚዞር ብሩሽ አጥቦ እንደ ወርቅ ያበራዋል። ገዢው ደስ ይለዋል። ታሪክ ጸሐፊው ግን በዚያች ቅጽበት ሰነድ ሲቃጠል ያያል። የቀለህ መቀመጫ ላይ የተመታ ማኅተም የተሠራበትን ፋብሪካና ዓመት ይናገራል። ካፕሱሉ የገባበት ቦታ ያለው ጭረት ስንት ጊዜ እንደ ተለወጠ ይመሰክራል። በውስጡ የቀረው ጥቁር ተረፍ የመጨረሻው ባሩድ የሙቀጫ ይሁን የፋብሪካ ሊያስረዳ ይችላል። አረንጓዴው ዝገት ራሱ የወደቀበትን አፈር ጠባይ ይዟል። አንድ ቀለህ ከእነ ቆሻሻው ከአርባ ገጽ የበለጠ ሊናገር ይችላል። የጠራው ቀለህ ዝም ይላል።

ስለዚህ ለእናንተ፣ በተለይም ለተማሪዎቼ፣ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ በአያቶቻችሁ ቤት፣ በሣጥን ወይም በጎተራ ግድግዳ ውስጥ አሮጌ ቀለህ ካገኛችሁ አትጠቡት፤ በደረቅ ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ የተገኘበትን ቦታና የባለቤቱን ታሪክ ጽፋችሁ ለሙዚየም አሳዩት። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየምም ሆነ ሌሎች ሙዚየሞች የሚጠቅማቸው የሚያበራ ናስ አይደለም፤ ከታሪኩ ያልተለየ ናስ ነው። ሁለተኛ፣ አረሩ ያልወጣ፣ ያልተተኮሰ ጥይት ከሆነ ደግሞ በፍጹም አትንኩት፤ ለፖሊስ አሳውቁ። መቶ ዓመት የሞላው ባሩድ እንኳን ሊነድድ ይችላል። ሦስተኛ፣ በየአገራችሁ ባሩድ ሲወቅጡ፣ አረር ሲያፈስሱና ቀለህ ሲሞሉ ያዩ ወይም ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች አሉ። በዚህ ረገድ የአንጥረኛው ቤተሰብ ትዝታ ከባላባቱ ዜና መዋዕል ያላነሰ ምንጭ ነው። ይህ ትውልድ እያለፈ ነው፤ መቅረጫችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

የአንድ አገር ነፃነት በታላላቅ ውሎችና በታላላቅ ስሞች ብቻ አይለካም። ስማቸው ያልተጻፈ እጆች በአመድና በሎሚ ያጠቡት ትንሽ የናስ ዕቃም ይለካዋል። ስለ አባ መላ ስንጽፍ ስለ እነዚያ እጆችም የምንጽፍበት የታሪክ ትምህርት እንዲኖረን እመኛለሁ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።